ቤት ከመግዛትዎ በፊት ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቁ

ቤት መግዛት እንደ ልብስ መግዛት አይደለም። ልብስ ቢጠብ ለታናሽ ወንድም ይሰጣል፤ ቢሰፋም ልብስ ሰፊ ጋ ይወሰዳል። ቤት ግን የአሥርና የአሥራ አምስት ዓመት ልፋት በአንድ ቀን ፊርማ የሚከፈልበት ነገር ነው። ታዲያ ብዙዎቻችን ስልክ ስንገዛ የምንጠይቀውን ያህል እንኳ ቤት ስንገዛ አንጠይቅም። ሳሎኑን እናያለን፣ የክፍሎቹን ብዛት እንቆጥራለን፣ ስለ ካርታው እንጠይቃለን፣ ከዚያ ወደ ዋጋ ክርክር እንገባለን። ወደ መታጠቢያ ቤቱ አንገታችንን አስግገን «ንጹሕ ነው» ብለን እንመለሳለን። ውሃው ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን የአንድ ወዳጃችን ቤተሰብ ታሪክ ነው። ወዳጃችን ሰባት ዓመት ዐረብ አገር ሠርቶ የመለሰውንና ባለቤቱ በዕቁብ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ደምረው፣ ወደ ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሚወስደው አቅጣጫ፣ ከመልካ ጀብዱ ብዙ በማይርቅ ሰፈር ቤት ገዙ። ይህ ፓርክ ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና ሆኗል፤ የሰፈሩ ሰው ግን አሁንም «ፓርኩ» ይለዋል። ወዳጃችንም ለሥራ ይቀርበኛል ብሎ ነው የመረጠው። ቤቱ አዲስ ቀለም የተቀባ፣ መታጠቢያ ቤቱ አዲስ ሴራሚክ የለበሰ ነበር። ደላላው «ቁልፉን ተቀብላችሁ መግባት ብቻ ነው» አላቸው። እነርሱም ገቡ።

ሁለት ወር በሰላም አለፈ። በሦስተኛው ወር ረመዳን ገባ። እናቱና እህቶቹ ከነልጆቻቸው ለኢፍጣር ተሰበሰቡ። ዐሥራ አራት ሰው ውዱእ አደረገ፣ ዕቃ ታጠበ፣ ሽንት ቤቱ በተደጋጋሚ ውሃ ተለቀቀበት። ከተራዊሕ በኋላ እናቲቱ ሌሊት ለመቆም ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሲገቡ የወለሉ መውረጃ ወደ ላይ ይተፋ ነበር። ቆሻሻው ውሃ በኮሪደሩ አልፎ መስገጃ ወደተነጠፈበት ክፍል ደረሰ። እናቲቱ በሩ ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ ይህን ቤት ስትገዛው ሽንት ቤቱ የት እንደሚወርድ ጠይቀሃል?» አሉት። ወዳጃችን የሚመልሰው አልነበረውም።

የእርሱን መጨረሻ ኋላ እንመለስበታለን። በቅድሚያ አንድ ቤት ገዢ የውሃን ነገር በምን መልኩ መመርመር እንዳለበት አንድ በአንድ እንመልከት። የውሃ ችግር በሦስት መንገድ ይመጣል፤ አንደኛው ከደጅ፣ ሁለተኛው ከጣሪያና ከግቢ፣ ሦስተኛው ደግሞ እኛው ራሳችን ተጠቅመን ከምናፈስሰው ነው።

ከደጅ የሚመጣው ውሃ

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ገደማ ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከዚራና መጋላን የሚለየው ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገረዋል፣ ይነግድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። እንግዳ ሰው ወንዝ መሆኑንም ላይረዳ ይችላል። ይሁንና ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ይኸው አሸዋ በጎርፍ ሞልቶ በአንድ ሌሊት ከ250 በላይ ሰው ሞተ፣ በሺዎች የሚቆጠሩም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ብዙዎቹ በእንቅልፍ ላይ ነበሩ። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. እንዲሁ ጎርፍ በከተማዋ የሰው ሕይወት አጥፍቷል።

ከዚህ ገዢ የሚማረው አንድ ትልቅ ነገር አለ። በድሬዳዋ ጎርፍ የሚመጣው ከራስ በላይ ካለው ደመና ብቻ አይደለም። ከተማዋ ከሐረርጌ ደጋ ግርጌ ነው የተቀመጠችው። በደንገጎና ከዚያ በላይ ባሉት ተራሮች የዘነበው ዝናብ፣ በከተማዋ ጠብ ሳይል፣ በደረቁ የአሸዋ ወንዞች ተምዘግዝጎ ይወርዳል። ስለዚህ «እዚህ ሰፈር ብዙ አይዘንብም» የሚለው የሻጭ ቃል መልስ አይሆንም። ጥያቄው «ከላይ የዘነበው በየት በኩል ነው የሚያልፈው?» ነው።

ቤት ለማየት ሲሄዱ እግርዎን ወደ ቤቱ ብቻ አይምሩ። ከቤቱ በላይ ባለው አቅጣጫ አምስትና ዐሥር ደቂቃ ይራመዱ። አሸዋ የተከመረበት ሸለቆ፣ በዳርና ዳር የተቦረቦረ መሬት፣ ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ ፌስታልና ጨርቅ ካዩ ውሃ በዚያ አልፏል ማለት ነው። ፌስታሉ የተንጠለጠለበትን ከፍታ ከቤቱ ወለል ጋር በዓይንዎ ያመዛዝኑ። በወንዝ ዳር የድንጋይ ጋቢዮን ወይም የግንብ መከላከያ ቢኖርም ልብ ይበሉ፤ መከላከያው አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ወንዙን ከቦታው አያነሳውም።

ሁለተኛው ከደጅ የሚመጣ ችግር ከመንገድ ነው። በብዙ ከተሞቻችን መንገድ ሲሠራ፣ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ወይም አስፋልት ሲደረብ የመንገዱ ከፍታ ይጨምራል፤ ቀድሞ የተሠራው ግቢ ግን ከታች ይቀራል። የግቢው በር ላይ ቆመው ይመልከቱ፤ ወደ ግቢ ሲገቡ ይወርዳሉ ወይስ ይወጣሉ? የሚወርዱ ከሆነ የዝናብ ውሃውም ከእርስዎ ጋር ይወርዳል። በመንገዱ ዳር ያለው የጎርፍ ቦይ ክፍት ነው ወይስ በአፈርና በላስቲክ ተደፍኗል? ውሃውስ የት ደርሶ ይጠፋል? ቦዩ የሚያልቀው ሊገዙት ካሰቡት ቤት አጥር ሥር ከሆነ ቆም ብለው ያስቡ።

ከጣሪያና ከግቢ

ቆርቆሮው ላይ የወረደው ዝናብ በአሸንዳ ተሰብስቦ በቱቦ መውረድ አለበት። የወረደው ውሃ ከመሠረቱ ርቆ ሊሄድ ይገባል። ብዙ ጊዜ ግን አሸንዳው የለም፤ ወይም አሸንዳው አለ፣ የሚወርድበት ቱቦ የለም። ከጣሪያው ጠርዝ በታች ያለውን መሬት ይመልከቱ። በመስመር የተቦረቦረ ከሆነ ውሃው ለዓመታት እዚያው መሠረቱ ሥር ሲጠጣ ኖሯል ማለት ነው። የግቢው ሊሾ ወደ ግድግዳው ወይስ ወደ ውጭ ያዘነበለ ነው? ይህን ለማወቅ መሐንዲስ አያስፈልግም። አንድ ጆግ ውሃ ያፍስሱና ወዴት እንደሚሮጥ ይመልከቱ፤ ወይም የልጆች ብይ ያስቀምጡ።

ግድግዳን ሲመለከቱ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ያለውን ክፍል በተለይ ያስተውሉ። እርጥበት ከታች ሲወጣ ልስኑ ያብጣል፣ ቀለሙ ይላጣል፣ ነጭ የጨው ብናኝ ይወጣል። በእጅዎ ቢነኩት ይረግፋል። ቤቱ ሙሉ በሙሉ ሳይቀባ አንድ ግድግዳ ብቻ ወይም የግድግዳው የታችኛው ክፍል ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ እንደሆነ «ለምን?» ብለው ይጠይቁ። ትልቅ ቁምሳጥን ከግድግዳ ጋር ተለጥፎ ቆሞ ከሆነ በትሕትና ፈቀቅ እንዲደረግ ይለምኑ። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ምልክት ካለ ጣሪያው ያፈስሳል ወይም ያፈስስ ነበር። ሻጩ በእነዚህ ጥያቄዎች ሊቀየም ይችላል፤ እርስዎ ግን እየከፈሉ ያሉት የልጆችዎን ገንዘብ ነው።

ከቤት የሚወጣው ውሃ

በድሬዳዋ እንደ ብዙዎቹ ከተሞቻችን አብዛኛው ቤት ከከተማ የፍሳሽ መስመር ጋር የተያያዘ አይደለም። የየቤቱ ፍሳሽ በየግቢው ጉድጓድ ይገባል። ስለዚህ ቤት ሲገዙ አንድ ከመሬት በታች ያለ፣ በዓይን የማይታይ ክፍልም አብረው ይገዛሉ። ያ ክፍል የት እንደሆነ ሳያውቁ መፈረም ተገቢ አይደለም።

በአግባቡ የተሠራ ሴፕቲክ ታንክ ሁለት ሥራ ይሠራል። ጠጣሩ ከታች ይዘቅጣል፤ ውሃው ደግሞ ተርፎ ወደ ሌላ መስመጫ ጉድጓድ ይሄድና ወደ አፈር ይሰርጋል። ዝቃጩ በየጊዜው በፍሳሽ መጣጭ መኪና ካልተነሣ ወደ መስመጫው ያልፍና አፈሩን ይደፍነዋል። ከዚያ በኋላ ጉድጓዱ በተመጠጠ በጥቂት ሳምንት ውስጥ መልሶ ይሞላል። ሻጩን እንዲህ ብለው ይጠይቁ፤ «ጉድጓዱ የት ነው? መቼ ተመጠጠ? ከዚያ በፊትስ?» የመጨረሻውና ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ በጣም የተቀራረበ ከሆነ ጉድጓዱ መስመጡን ትቷል ማለት ነው። መጣጩ መኪና እስከ ጉድጓዱ ሊደርስ መቻሉንም ይመልከቱ። በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ላለ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ክዳኑን ያስከፍቱ። ሲከፈት ግን ልጆች ይራቁ፣ ማንም ሰው አንገቱን ወደ ውስጥ አያስገባ፣ ክብሪትም አይጫር። በጉድጓድ ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ ሊያጸዱ ገብተው የቀሩ ሰዎችን ታሪክ ብዙዎቻችን ሰምተናል። ከርቀት ሆነው ውሃው ከመግቢያው ቱቦ በታች መሆኑን ማየት ይበቃል። ቱቦው በውሃ ተውጦ ከሆነ ቤቱ ሞልቷል።

በግቢው ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ካለ ከሽንት ቤቱ ጉድጓድ ያለውን ርቀት በእርምጃ ይለኩ። በተለምዶ የሚመከረው ቢያንስ 30 ሜትር ነው። የጎረቤትዎንም ጉድጓድ አብረው ይቁጠሩ፤ ውሃ አጥር አያውቅም። የድሬዳዋ የመጠጥ ውሃ በአብዛኛው ከከርሰ ምድር የሚወጣ በመሆኑ፣ ተመራማሪዎችም በከተማዋ ጉድጓዶች ውስጥ ከሽንት ቤቶች ጋር የተያያዘ ናይትሬት ማግኘታቸውን ስለ ጻፉ፣ ይህ ጉዳይ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የባልዲ ፈተና

የሚከተለውን ፈተና ማንኛውም ቤተሰብ ያለ ምንም መሣሪያ ሊያደርገው ይችላል። ሦስት ሰውና ጥቂት ባልዲ ውሃ ብቻ ይበቃል።

በመጀመሪያ ውሃ ሳያፈስሱ ያሽትቱ። በእያንዳንዱ መውረጃ ሥር ያለው የታጠፈ ቱቦ ውሃ ይዞ ሽታውን ያግዳል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት አገር ቤቱ ለጥቂት ሳምንት ባዶ ከሆነ ይህ ውሃ ይደርቅና ሽታ ይገባል። ስለዚህ ሽታ ቢኖር ወዲያው አይፍረዱ። በእያንዳንዱ መውረጃ ጥቂት ውሃ ያፍስሱና በማግሥቱ ይመለሱ። ሽታው ከጠፋ ምክንያቱ ድርቀት ነበር። ካልጠፋ ግን የታጠፈው ቱቦ የለም፣ ወይም አንድ ቦታ ስንጥቅ አለ። በተቃራኒው ቤቱ በከባድ ሽቶና በዕጣን ታጥኖ ከጠበቀዎት በሌላ ቀን ሳይነገር መምጣት አይከፋም።

ቀጥሎ መታጠቢያ ሳህኖቹን ሁሉ ደፍነው ይሙሉ። አንዱ በወጥ ቤት፣ አንዱ በመታጠቢያ ቤት ይቁም። በአንድ ጊዜ ይልቀቁ፤ ሦስተኛው ሰው በዚያው ቅጽበት ሽንት ቤቱ ላይ አንድ ሙሉ ባልዲ ያፍስስ። ከዚያ ጆሮዎን ይጣሉ። የወለሉ መውረጃ ጉርጉር ካለ ወይም ውሃ ከፍ ካለበት መስመሩ ጠቧል አለዚያም የአየር ቱቦ የለውም። አንድ ጊዜ ብቻ ማፍሰስ አይበቃም፤ ዐሥርና ዐሥራ አምስት ባልዲ ያስፈልጋል። ምክንያቱም የመጀመሪያውን ሁለትና ሦስት ባልዲ የተዘጋ ቱቦም ይይዘዋል። ወዳጃችን ሁለት ወር በሰላም የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ባልና ሚስት የሚያፈስሱትን ቱቦው ቻለው፤ የዐሥራ አራት ሰው ውዱእ ግን አልቻለም። የእኛ ቤት ውሃ ይበዛበታል። በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ አለ፣ እንግዳ አለ፣ ኢፍጣር አለ፣ ዒድ አለ። ቤቱን በዒድ ቀን እንደሚኖሩበት አድርገው ይፈትኑት።

ውሃው ሲፈስ ማንሆሎቹን ከፍተው ይመልከቱ። ከቤት የተለቀቀው ውሃ በፍጥነት በዚያ ማለፍ አለበት። በሽንት ቤቱ ጥቂት የምግብ ቀለም ጨምረው ቢያፈስሱ ቀለሙ በየትኛው ማንሆል እንደወጣ ያያሉ። ቀለሙ በየትም ካልወጣ ውሃው የማይታወቅ ቦታ እየሄደ ነው። ከማንሆል እስከ ማንሆል ያለው የቱቦ ቁልቁለት ለእያንዳንዱ ሜትር ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል መሆን ይኖርበታል፤ ልምድ ያለው የቧንቧ ሠራተኛ በውሃ ልክ ይለካዋል። ለዚህ ሰው የሚከፈለው የአንድ ቀን ዋጋ ከቤቱ ዋጋ ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም። ሠራተኛው ግን ደላላው ያመጣው አይሁን።

ጎረቤትን መጠየቅ

ደላላ የሚነግርዎት ስለ ዋጋ ነው። የሰፈሩን ውሃ የምታውቀው ግን ሃያ ዓመት እዚያው የኖረች እናት ናት። በሩን አንኳኩተው ሰላም ይበሉና ይጠይቁ። «እናቴ፣ ክረምት ሲመጣ ይህ መንገድ እንዴት ነው?» ይበሉ። «ቤቱ ጥሩ ነው?» ብለው ከጠየቁ ጎረቤትን ላለማስቀየም «ጥሩ ነው» ትላለች። ስለ መንገዱና ስለ ውሃው ከጠየቁ ግን ትናገራለች። ከተቻለ ቤቱን ሁለት ጊዜ ይመልከቱ፤ አንዴ በደረቅ ቀን፣ አንዴ ዝናብ እንደቆመ። በድሬዳዋ ዝናቡ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ኋላም ከሐምሌ እስከ መስከረም ስለሚመጣ፣ በጥር ቤት የሚገዛ ሰው ሊዘነብበት የማይችለውን ቤት ነው ያየው።

ሻጭና ገዢ

ነጋዴና ሸማች በሆኑበት ሁሉ ሊያስታውሱት የሚገባ ታሪክ አለ። ኢማም ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ በዘገቡት ሐዲሥ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ክምሩ አስገቡ፤ ጣቶቻቸው እርጥበት ነካቸው። ባለ እህሉ ዝናብ እንደመታው ሲናገር፣ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልልም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ። እርጥቡን እህል ከታች ማድረግና እርጥቡን ግድግዳ በቀለም መሸፈን ልዩነታቸው ምንድን ነው? በፊቅህም ጉድለት የተደበቀበት ገዢ የመመለስ መብት አለው፤ ዑለሞቹ ኺያሩል ዓይብ ይሉታል።

የአገራችንም ሕግ ከዚህ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ተጠያቂ እንዲሆን ያደርጋል። ነገር ግን ገዢው ሲዋዋል ያወቀው ወይም ትንሽ ቢጠነቀቅ ሊያየው ይችል የነበረ ግልጽ ጉድለት ሻጩን አያስጠይቅም። ገዢው ጉድለቱን ሲያገኝም ሳይዘገይ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ካልተደረገ ዋጋ የለውም። ስለዚህ «ጉድጓዱ ደህና ነው» የሚለው የሻጭ ቃል በውሉ ውስጥ ይግባ። ጉድጓዱ የት እንዳለ፣ ፍሳሹ በሌላ ሰው ይዞታ እንደማያልፍ ይጻፍ።

በተለይ ስለ ቀብድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሕጉ መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ደላላው «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ብሎ ሲያጣድፍ ቀብድ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ጉድለት ቢታይም ሰው ቀብዱን ላለማጣት ሲል ይገዛል። ቅደም ተከተሉ ይስተካከል፤ መጀመሪያ ባልዲው፣ ከዚያ ቀብዱ።

የወዳጃችን መጨረሻ

ወዳጃችን በማግሥቱ የቧንቧ ሠራተኛ አስመጣ። ማንሆል ሲፈለግ ጠፋ። ሁለት ቀን ከተፈለገ በኋላ አዲሱ ሴራሚክ ሥር ተገኘ። ቱቦውን ተከትለው ሲቆፍሩ ጉድጓዱ የተገኘው በግቢው ውስጥ አልነበረም። ሻጩ ከዓመታት በፊት የግቢውን ጎን ለወንድሙ አካፍሎ፣ ወንድሙ በጉድጓዱ ላይ ሱቅ ሠርቶበት ኖሯል። ጉድጓዱን ለማስመጠጥ የሱቁን ወለል መስበር ያስፈልግ ነበር።

ሻጩ በመጀመሪያ «ያየኸውን ነው የገዛኸው» አለ። በኋላ የሰፈሩ ሽማግሌዎችና የመስጊዱ ኢማም ተቀመጡ። የእህሉ ክምር ታሪክ በዚያ ተነሣ። ሻጩ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆይቶ የአዲሱን ጉድጓድ ማስቆፈሪያ ለመክፈል ተስማማ። ወዳጃችን ደግሞ የሴራሚኩንና የቱቦውን ቻለ። በዚያ ረመዳን እናቲቱ ወደ ልጃቸው ቤት አልተመለሱም፤ በሚቀጥለው ግን መጡ። እንደደረሱ መጀመሪያ የጠየቁት ውሃ አልነበረም። «አዲሱ ጉድጓድ የት ነው? አሳየኝ» አሉት። ልጃቸውም ወደ ግቢው ወስዶ፣ በክዳኑ ላይ ቆሞ አሳያቸው።

ውድ አንባብያን፣ ቤት ልታዩ በምትሄዱበት ቀን ከደላላው ጋር ብቻ አትሂዱ። አንድ የቧንቧ ሠራተኛ፣ አንድ ባልዲ፣ ከተገኘም እንደ እኚህ እናት ያለ ጠያቂ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። አላህ በቤቶቻችን በረካ ያድርግልን።